ከነልብሷ የተቀበረች ችግኝ

ዛሬ በጠዋት፣ ድሬ ገና ሳትግል፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ደቻቱ ወንዝ ዳር ችግኝ ልንተክል ወጣን። የኒሟን ችግኝ ከነላስቲኳ ጉድጓድ ውስጥ ከተት አድርጌ አፈር ልመልስ ስል፣ አንድ አባባ ከኋላዬ «አቦ! ከነልብሷ ነው እንዴ የምትቀብራት?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ላስቲኩን በምላጭ ቀደው፣ የተጠማዘዘውን ሥር በጣታቸው ፈታ ፈታ አድርገው አሳዩኝ።

ሻይ ላይ አባባ የመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን ነገር አነሱ። እኔ ሰውዬውን የማውቃቸው በቴሌቪዥን፣ ፓርላማ ሲከፍቱ ነው። ከ1994 እስከ 2006 ፕሬዚዳንት፣ በቃ። ለካ በጃንሆይ ጊዜም የፓርላማ አፈ ጉባኤ ነበሩ! ቤተ መንግሥት ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ለም ኢትዮጵያ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር መሥርተዋል። ወንበር ላይ ሆኖ ችግኝ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ሞልቷል (እኔም ያለ ወንበር ተነስቻለሁ)። እሳቸው ግን ነገሩን የያዙት ወንበሩ ሳይመጣ ነው። ይሄ ነው ደስ ያለኝ። በታኅሣሥ 2011 ሲያርፉ ይሄን ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር።

«ተራራው ሲራቆት ጎርፉ እኛ ላይ ነው የሚወርደው» አሉ አባባ፣ በደንገጎ በኩል እያሳዩ። የ1998ቱን ክረምት መጥራት አላስፈለጋቸውም። ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 ሰው በላይ ወስዶብናል። ዛሬ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

በድምሩ አሥራ አንድ ተከልኩ። አባባ ሳይደርሱብኝ የተከልኳቸውን ሦስቱን ነገ በጠዋት ሄጄ ላስቲካቸውን አወልቃለሁ። ለማንም እንዳትነግሩ።