ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀዳ ፖድካስት

ዛሬ የፖድካስቴን የመጀመሪያ ክፍል ቀዳሁ። ስለ ቲንቲን ነው። አዎ፣ ያ የሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍቱ ጀግና፣ ጸጉሩ ከፊት ቀጥ ያለው ጋዜጠኛ፣ ከነነጭ ውሻው።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥን ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላቤ ጠብ እያለ «ቲንቲን በ1929 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ...» ስል የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። አልቆረጥኩትም። የመጀመሪያ እንግዳዬ ይሁን።

ከበድ ያለኝ ቲንቲን ወደ ኮንጎ የሚሄድበት መጽሐፍ ነው። ልጅ ሆኜ ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ነበር። ትናንት ማታ ደግሜ ሳነበው ሳቄ ጠፋ። ኮንጎዎቹ ሁሉ ሞኝ ተደርገው ነው የተሳሉት። በመጀመሪያው ዕትም ቲንቲን ያኔ በቤልጅየም ቅኝ ግዛት ሥር ለነበሩት የኮንጎ ልጆች «አገራችሁ ቤልጅየም» ብሎ ያስተምራል! የቲንቲን ደራሲና ሠዓሊ ኤርዤ በ1946 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን በቀለም ሲያወጣው ትምህርቱን ወደ ሒሳብ ቀየረው። ኮንጎዎቹ የተሳሉበት መንገድ ግን ያው ነው። ሃያ ደቂቃ ስለዚህ ብቻ አወራሁ። በልጅነቴ ራሴን ከቲንቲን ጎን እንጂ ከነዚያ ልጆች መሀል አስቀምጬ አላውቅም ነበር፤ እሱን ስናገር ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ወንድሜ ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቲንቲን መርከበኛ ጓደኛ። «ካፒቴን ሃዶክ መቼ ነው የሚመጣው?»

ዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ጠብቅ አልኩት።