ለአባቴ ቮልስ የተሠራች የቤንዚን መግቢያ

ከአባቴ የወረስኳት የ1972 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቮልስ ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ሞተሯ ያለበትን የኋላ ክዳኗን ስከፍት በቤንዚን ሽታ ተቀበለችኝ። ከፓምፑ የሚነሳውን የጎማ ቱቦ በጣቴ እየተከተልኩ ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተር ጋ ስደርስ፣ ቱቦው የሚሰካባት አጭር የነሐስ ቧንቧ ዙሪያዋን ርሳ አገኘኋት፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ስሞክራት ደግሞ ዞረች። ደነገጥኩ። ያቺ ቧንቧ ከካርቡሬተሩ ክዳን ጋር አንድ አካል ሆና መቀመጥ ያለባት እንጂ በጣት የምትዞር አይደለችም።

ነገሩን ጥቂት ላብራራ፤ ቮልስ የሚነዳ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ የራሱን ከፍቶ ቢያይልኝ እወዳለሁና። በእኔዋ ባለ 1,584 ሲሲ ሞተር ላይ ያለው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር አካሉ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የቤንዚን መግቢያዋ ቧንቧ ግን ነሐስ ስትሆን፣ የተያዘችውም እንደ ብሎን በጥርስ ተጠምዝዛ ሳይሆን በኃይል ተገፍታ ጠብቃ በመግባቷ ብቻ ነው። ዚንክ ሲሞቅ ከነሐስ ይበልጥ ይሰፋል፤ የአንድ ሜትር ዘንግ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ዚንክ ከሆነ 0.027 ሚሊሜትር ያህል፣ ነሐስ ከሆነ 0.019 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ቀዳዳው ከቧንቧዋ ይልቅ ይሰፋል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲደጋገም፣ ንዝረትና ቱቦውን በፒንሳ እየጎተተ የሚነቅል እጅ ሲጨመሩበት፣ ጥብቅ የነበረው መላላቱ የማይቀር ነው።

አደጋው ከሽታው በላይ ነው። ፓምፑ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ መግፋቱን አያቆምም፤ ቧንቧዋ ከነቱቦዋ ብትወጣ ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለው ሞተርና ብልጭታ በሚያድለው ዲስትሪቢውተር ላይ ነው። የሞተሩ ብሎክ ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ በመሆኑ አንዴ እሳት ከያዘው ውሃ ይብስ ያቀጣጥለዋል። መኪናዋን በዚያው ዕለት አቆምኳት።

መርካቶ ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞርኩ። ቧንቧዋን ለብቻዋ የሚሸጥ አላገኘሁም፤ ያገለገለ ሙሉ ካርቡሬተር አሳዩኝ፣ የእርሱም መግቢያ እንደ እኔው ይወዛወዝ ነበር። ከጃፓን መኪኖች የተነቀሉት ቧንቧዎች 8 ሚሊሜትር ስለሚወፍሩ 5 ሚሊሜትር ስፋት ላለው የቮልስ ቱቦ አይሆኑም። አንድ ነጋዴ «እህቴ፣ ምን ያደክምሻል? በኢፖክሲ አጣብቀሽ ንጂ» አለኝ። ለበጎ እንዳሰበልኝ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቤንዚን ሲነካውና ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ የሚኖር ማጣበቂያ አንድ ቀን መልቀቁ አይቀርም፣ የሚለቅበትን ቀን ደግሞ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ማሠራት ብቻ ቀረ። ከምናለሽ ተራ 14 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ የነሐስ ዘንግ ገዝቼ፣ ለብዙ ዓመታት የማውቃቸው አንድ አዛውንት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። በመጀመሪያ የጠየቁኝ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ግድግዳ ስንት እንደሚወፍር ነበር፤ ዚንክ ተሰባሪ ስለሆነ ግድግዳው ከሳሳ ጥርስ ሲወጣለት ይሰነጠቃል። በካሊፐር ለክተው፣ «ይበቃዋል፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እጅ ሥራ አልረሳውም። ዘንጉን ቶርኖው ላይ አስረው መሃሉን በ4 ሚሊሜትር በሱት፤ አንዱን ጫፍ ወደ 6 ሚሊሜትር አቀጠኑና ቱቦው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ከጫፉ ጥቂት ወረድ ብሎ ትንሽ ቀለበት መሰል ጉብታ ተዉለት። ሌላውን ጫፍ 8 ሚሊሜትር አድርገው፣ እርከኑ 1 ሚሊሜትር የሆነ ደቃቅ ጥርስ አወጡለት። መካከሉን ለቁልፍ እንዲመች ሞርሳ ላይ አስረው፣ ስድስቱን ጎን ከ12 ሚሊሜትር ቁልፍ ጋር እያመሳከሩ በሞረድ ጠረቡት። ወርቃማው ብናኝ እግራቸው ሥር ሲከመር ጋሼ አንድም ጊዜ ቀና አላሉም።

ክዳኑን መብሳት ከሁሉም የሚያሰጋው ክፍል ነበር። አምስቱን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ያወረድኩት፣ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን እንዲዘጋ ተንሳፋፊው የሚገፋውንም መርፌ ከነመቀመጫው የነቀልኩት አስቀድሜ ነው፤ አንዲት የዚንክ ፍቅፋቂ እዚያ ብትቀር መርፌው አይዘጋም፣ ካርቡሬተሩም በቤንዚን ይጥለቀለቃል። አሮጌው ቧንቧ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በ7 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ፣ አሮጌው ቧንቧ ይደርስበት ከነበረው ጥልቀት ሳያልፍ ሰፋ። በቀዳዳው ውስጥ ጥርስ የሚቀርጸውን መሣሪያ፣ የጥርስ ማውጫውን፣ ግን ጋሼ በማሽን አልነኩትም፤ ግሪስ ቀብተው በእጃቸው ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ አስገቡት። ግሪሱ ፍቅፋቂውን ይዞ ስለሚያስቀር ከእያንዳንዱ ጥቂት ዙር በኋላ አውጥተው ይጠርጉት ነበር።

መገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ለውሃ ቧንቧ የምንጠቀልለውን ነጭ የቴፍሎን ክር እዚህ መጠቀም አይገባም፤ ተቆርጦ የሚገባው ጭራ በመርፌው መቀመጫ ላይ ይያዛል። እኔ ቤንዚን የሚቋቋም የጥርስ ማሸጊያ ፈሳሽ ጥቂት ቀብቼ፣ ከሥሩ ስስ የመዳብ ቀለበት አድርጌ፣ ቁልፉን ሳላበዛ አጠበቅሁ፤ ዚንኩ ብዙ ኃይል አይችልም። የጎማ ቱቦውንም በአዲስ ቀይሬ በሁለቱም ጫፍ ማሰሪያ አደረግሁለት።

ሞተሩን አስነስቼ አሥር ደቂቃ በቆመችበት ካሠራሁት በኋላ አጥፍቼ፣ ከመግቢያዋ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩና አደረ። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈትም የሸተተኝ የአቧራና የአሮጌ ዘይት ሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቧንቧዋን በሁለት ጣቴ ይዤ እሞክራለሁ። ጋሼ ከተረፈው ዘንግ ሳልጠይቃቸው የሠሩልኝ ሁለተኛዋ መግቢያ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልላ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ፣ ከፊት ወንበር ሥር ተቀምጣለች።