ሦስተኛው ቅጂ

ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ዋልሁ። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ካርቶን የውጭ ድምፅ እንደማያግድ ለባለቤቱ ብነግረውም አልሰማኝም፤ የባጃጅ ጥሩምባ ሁለት ቅጂ አበላሸብን። በሦስተኛው ልጅቷ በትዝታ ቅኝት ስታንጎራጉር፣ ቤዝ ጊታሩ ረገጥ እያደረገ ሲከተላት ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ፣ ያ ሁሉ ሆድ ማባባት! መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ። ቀጂው ሊያስደግማት ሲነሣ "ተወው፣ እሱ ነው ዘፈኑ" አልሁት።

አምኃ እሸቴ ትዝ አለኝ። ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ፤ የእነ ድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ የሶል ሙዚቃ የቀረልን በእሱ ድፍረት ነው።

ነገ ሳክስፎን ተጫዋቹ ይመጣል። ባጃጆቹም አይቀሩም።