በቀርሜሎስ ተራራ ንብ የምትመስለውን አበባ ፍለጋ

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አባቴን በመኪና ይዤ ከኃይፋ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ወጣሁ። አባቴ ወደ እስራኤል ከመምጣታቸው በፊት በጎንደር ገጠር ንብ አናቢ ነበሩ፤ ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ የንብ ነገር ሲነሣ ጆሯቸው ይነቃል። ንብ የምትመስል አበባ አለች ብዬ ስነግራቸው አብረውኝ ለመውጣት የተነሡት አበባ ወድደው ሳይሆን አባባሌን ሊፈትኑ ይመስለኛል።

አበባዋ በሳይንሳዊ ስሟ ኦፍሪስ አፒፌራ የምትባል የዱር ኦርኪድ ናት፤ አፒፌራ በላቲን «ንብ ተሸካሚ» ማለት ነው። ዕብራይስጡም የዚህን ወገን አበቦች፣ ድቮራ ከሚለው የንብ ስም አውጥቶ፣ ድቮራኒት ይላቸዋል።

ከዛፎቹ ጥላ ወጥተን ኖራ ድንጋይ ያፈጠጠበት ገላጣ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተንከራተትን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በፎቶግራፍ አጉልቼ ስላየኋት ትልቅ አበባ ጠብቄ ዓይኔን አርቄ እወረውር ነበር። ድንገት አባቴ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝና «እግርህን አንሣ! ልትረግጣት ነው እኮ» አሉ። ከሣሩ መካከል ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ቀጭን አገዳ ቆማለች፤ ሦስት አበቦች ፈንድተዋል፣ ጫፏ ላይ ያለው ገና እንቡጥ ነው።

ተንበርክከን አየናት። ከኋላ ሦስት ሮዝ ቅጠሎች ተዘርግተዋል፤ ከፊት ከንፈር የሚባለው ቅጠል እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቡናማ ሆኖ አብጧል፤ በላዩ ቢጫ መስመር ተጠማዞበታል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ጠጉር አብቅሏል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካጤኑ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ይህች የእኛ ንብ አይደለችም፤ ወገቧ ወፍራም ነው። ግን ለቸኮለ ድንጉላ ትበቃዋለች።»

አባቴ ሳያውቁት ዋናውን ነገር ነኩት። የዚህ ወገን አበቦች ብዙዎቹ የአበባ ማር የላቸውም፤ የሚያጠምዱት ድንጉላውን፣ ማለትም ወንዱን ንብ ወይም ተርብ ነው። መልካቸው ብቻ ሳይሆን ሽታቸውም የሴቷን ስለሚመስል፣ ሴቶቹ ገና ሳይወጡ ቀድመው የሚወጡት ወንዶች አበባዋን ሊሰርሩ ሲታገሉ የብናኝ እንክብሎቿ ይጣበቁባቸውና ወደ ሌላ አበባ ያደርሱላታል። ይህን በአልጄሪያ ዳኛ የነበረው ፈረንሳዊው ፑያን በሌላ የኦፍሪስ ዝርያና በአንድ የተርብ ዓይነት ላይ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ከዕፅዋት ሊቁ ኮርቮን ጋር አሳተመው።

ያገኘናት ግን ከዘመዶቿ የተለየች ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። አበባዋ ከፈነዳች በኋላ ሁለቱ ቢጫ የብናኝ እንክብሎች የተንጠለጠሉባቸው ቀጫጭን ክሮች ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፤ ነፋስ ሲነካቸውም ብናኝ ተቀባዩን ክፍል ይመቱታል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የኦርኪድ ጥናቱ አገዳውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነፋስ በሌለበት ክፍል ሲያቆመው እንክብሎቹ እንደተንጠለጠሉ መቅረታቸውን፣ ነፋስ ሲያገኛቸው ግን ግባቸውን መምታታቸውን ጽፏል። ይህን ለአባቴ ስተርክላቸው ሳቁ፤ «ተኳኩላ፣ ተሽሞንሙና፣ ሙሽራው ሳይመጣ ራሷን ዳረች በለኛ!» አሉ።

ከዚያ ነቅለን በረንዳ ላይ እንትከላት የሚል ሐሳብ አመጡ። እ.ኤ.አ. ከ1963ቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ወዲህ እንዲህ ያለውን አበባ መቅጠፍም መንቀልም ክልክል መሆኑን ነገርኳቸው። ሕጉ ባይኖርም አይሳካልንም ነበር፤ እንደ ዱቄት የላመው ዘሯ አፈሩ ውስጥ ካለ ሻጋታ ካልተዛመደ አይበቅልም፣ በቅሎም ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። ክረምት ላይ በየመንገዱ የሚሸጠው ሳህላብ የተባለው ትኩስ መጠጥ ጥንት የሚሠራው ከኦርኪድ ሥር ዱቄት ነበር፤ አሁን ግን በብዙው ቤት የሚያወፍረው የበቆሎ ስታርች ነው። ለእኔ ጣዕሙ አልጎደለብኝም።

ፀሐይ ከረር ስትል ነፋስ መጣና አንደኛው እንክብል ሲወዛወዝ አየሁ፤ መምታት አለመምታቱን ግን ዓይኔ አልያዘውም። በዚያው ቅጽበት አንዲት ንብ እያንጎራጎረች መጣች፤ ኦርኪዷን ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ አልፋ፣ አጠገቡ ባለው ቁጥቋጦ አበባ ላይ አረፈች። አባቴ በጣታቸው አሳዩኝና «ሠራተኛዋ ናት፤ እሷ ለማን ብላ ትሞኛለች» አሉ። ሰንበት ሳይገባብን ወደ መኪናው ወረድን።