ፓይለት የሚለው ቃል የመጣው ከባሕር ነው

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ «መጀመሪያ ፓይለቱን እንጨርስ» ሲባል ሰማሁ። የሚወራው ስለ አንድ አዲስ ሥራ ሙከራ ነው፤ የአውሮፕላን ወሬ የለበትም። ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ነገሩ አልለቅ ስላለኝ የቃሉን ዱካ ተከትዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ፓይለት ከመብረር ጋር በዘር አይገናኝም። ሥሩ «ፔዶን» የሚል የግሪክ ቃል ነው፣ መቅዘፊያ ማለት። የጥንት መርከብ ሲመራ ከኋላ በጎኑ በኩል ትልቅ መቅዘፊያ ውሃው ውስጥ ይገባና አንድ ሰው እሱን ይዞ ወዲህ ወዲያ እያለ አቅጣጫ ያስይዛል። የሰውየው መጠሪያ ከዚያ መቅዘፊያ ወጣ። ጣሊያኖች «ፔዶታ»፣ ኋላም «ፒሎታ» አሉት፤ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ፔዶን ደግሞ «እግር» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ስለሚዛመድ፣ የብስክሌቱ ፔዳል የሩቅ ዘመዱ ነው።

በአማርኛም መኪናው የሚዘወርበት «መሪ» ነው፣ ሰውን የሚመራውም «መሪ» ነው። ይሄን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ።

የባሕሩ ፓይለት ዛሬም አለ። ትልቅ መርከብ ወደብ ሊገባ ሲል፣ የአካባቢውን ጥልቀትና ሞገድ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው በትንሽ ጀልባ ይመጣል፣ በገመድ መሰላል ይወጣል፣ ከካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ያሳያል። በፓናማ ቦይማ መርከቧን የማንቀሳቀሱን ሥልጣን ጭራሽ ለፓይለቱ ያስረክባሉ።

የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 በአውሮፕላን ሲበሩ ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከመርከብ ወደ ሰማይ ወጣ። የእኛ «አብራሪ» ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው፤ ማሽኑን እንዲበር የሚያደርገውን ሰው። እንግሊዝኛው መንገድ የሚያውቀውን ነው የሚጠራው።

የጋዝ ማሞቂያ ውስጥ ሁሌ የምትበራዋ ትንሽ ነበልባልም ፓይለት ትባላለች፣ ትልቁን እሳት የምታቀጣጥለው እሷ ናት።

የስብሰባው ፓይለትም እንደዚሁ ነው። «የሙከራ ፕሮጀክት» ስንለው ግን የቃሉ ትርጉም ይጎድልብናል፤ ሙከራ ቢሳካም ባይሳካም ሙከራ ነው። ፓይለት ቀድሞ ገብቶ፣ ድንጋዩ የቱ ጋ እንዳለ አይቶ፣ ከኋላ ለሚመጣው ትልቅ መርከብ መንገድ የሚያሳይ ነው። እኔ «መንገድ መሪ ሥራ» ብንለው እመርጣለሁ።