የልጆቻችንን ልብ ለመጠበቅ ቤታችን ውስጥ የቀየርነው

የልብ ሕመም የትልልቅ ሰዎች ጣጣ ይመስላል። ስብ በደም ሥር ግድግዳ ላይ መከማቸት የሚጀምረው ግን በልጅነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦጋሉሳ በምትባል ከተማ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በቤተሰባችን የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ስለሆነ ነገሩ በጣም አሳሰበኝ። ያኔ ሴቷ ልጄ ዘጠኝ፣ ወንዱ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ የተስማማነው ለልጆቹ የምናወጣው ደንብ ሁሉ እኛንም እንዲይዘን ነው። አባት ለስላሳውን ይዞ ልጁን ውኃ ጠጣ ቢለው ማን ይሰማዋል? ሁለተኛው ስምምነታችን ስለ ክብደት ጨርሶ ላለማውራት ነበር። በሰውነቱ እንዲያፍር የተደረገ ልጅ ተደብቆ መብላት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የምናወራው ልብ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያደክመው ብቻ ሆነ።

ከሁሉ የሠራልን ስኳሩን በዓይናቸው ማየታቸው ነው። ልጄ የአንድ ጣሳ ለስላሳ መለያ ላይ 35 ግራም ስኳር የሚል አነበበች። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ እየቆጠረች ጨመረች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ማንኪያውን አስቀምጣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ነው የምንጠጣው?» አለችኝ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው፤ አንድ ጣሳ ብቻውን ያንን ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ለቤት ለስላሳ አንገዛም። ድግስ ላይ ሲያገኙ ግን ይጠጣሉ፤ ጨርሶ የተከለከለ ነገር ይበልጥ ያስጎመጃል ብዬ አምናለሁ።

ጨውን ከገበታ ላይ አነሳነው፤ ወጥ ቤትም ውስጥ ቀስ በቀስ ቀነስን። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ልጆቹ ምንም አላሉም፤ ያጉረመረመው አባታቸው ነው።

እንቅስቃሴ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጠንከር ያለ እንዲሆን ይመክራል። ስድሳው ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ከትምህርት ቤት መልስ ገመድ ይዘላሉ፣ ከእራት በኋላ አራታችንም በእግር እንወጣለን። ልጆቹን ይበልጥ የሳባቸው ግን የልብ ምት መቁጠር ነው። ሁለት ጣት አንገት ጎን ላይ አሳርፎ 15 ሴኮንድ መቁጠር፣ ከዚያ በ4 ማባዛት። ሴቷ ከዝላይ በፊትና በኋላ ያገኘችውን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ትንሹ ማባዛት ስለማይችል ጣቱን አንገቱ ላይ እንዳደረገ «እየሮጠ ነው! እየሮጠ ነው!» ይላል። «ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው» ከሚለው ምክሬ ይልቅ ይህ ገብቷቸዋል።

እንቅልፍን ከልብ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ስልክና ታብሌት ሌሊቱን ሳሎን ያድራሉ፤ የእኛም ጭምር። ይህኛው ከሁሉ ያስቸገረን ነው፤ አሁንም አንዳንድ ማታ ጭቅጭቅ አለ። ሲጋራ ደግሞ እንግዳም ቢሆን ቤታችን ውስጥ አያጨስም፤ የሌላ ሰው ጭስ የልጅን የደም ሥር ይጎዳልና።

የደም ግፊት በልጆች ላይም ይከሰታል፤ ብዙ ጊዜም ምልክት የለውም። ከ3 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ መለካት ይመከራል፤ መለኪያው በልጁ ክንድ ልክ መሆኑን ጠይቁ፤ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ልጃችሁ ሲሮጥ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ዓመታዊ ምርመራውን አትጠብቁ፤ ጨዋታውን አስቁማችሁ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።