በእንግዳ ሰበብ

ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ሐበሾችን በወረቀት ጉዳይ የሚያግዝ ቢሮ ነው የምሠራው። የቤት ኪራይ፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን)፣ የትምህርት ቤት ፎርም፣ የማይመጣ ነገር የለም። አንድ ቀን አንዲት እናት ገቡና በፌስታል የያዙትን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። "ልጄ፣ ቤቴን ልለቅ ነው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህታቸው ልጅ በዲቪ መጥቶ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል። የኪራይ ውላቸው ደግሞ እንግዳ ከ14 ቀን በላይ ማደር አይችልም ይላል። የሕንፃው ማኔጀር ልጁን ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ ሲያየው ሰነበተና ደብዳቤ ላከ። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። የዲሲ ሕግ ልቀቁ የሚል ማስጠንቀቂያ በሁለቱ ቋንቋ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ለእማማ ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ጎረቤት "በ30 ቀን ውጡ ነው የሚለው" አላቸው፣ አመኑ። ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ግማሹን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ከተዋል።

ደብዳቤውን አነበብኩት። በ30 ቀን ውስጥ አስተካክሉ፣ ካላስተካከላችሁ ልቀቁ ነው የሚለው። እዚህ ከተማ አከራይ ውል ተጣሰ ብሎ ተከራይ ማስወጣት ከፈለገ መጀመሪያ ይህን ዕድል መስጠት ግዴታው ነው። ካልተስተካከለ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ ከዚያም በኋላ የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚያስፈጽመው የፌዴራል ማርሻል እንጂ ማኔጀሩ አይደለም። ቁልፍ ልቀይር ቢል ሕገ ወጥ እሱ ነው።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከወረቀቱ መሀል የወሩ ኪራይ ወጣ፣ የተቀባይ ስም ያልተጻፈበት መኒ ኦርደር፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሎበት እንደ ቼክ የሚሰጥ ወረቀት።

"እማማ፣ ይሄ ለምን አልተከፈለም?"

"ለሚያባርረኝ ሰው ምን ብዬ እከፍላለሁ?"

ይሄን በየጊዜው አየዋለሁ። የእንግዳ ጉዳይ በቀላሉ ይስተካከላል፣ ያልተከፈለ ኪራይ ግን ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ሰው ከትንሿ ጣጣ ሲሸሽ ትልቁ ውስጥ ይገባል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞላነው፣ ኮፒ አደረግነው፣ ከፍለው ደረሰኝ እንዲቀበሉ አደራ አልኳቸው።

"ልጁንስ? የእህቴን ልጅ ውጣልኝ ልበለው?" አሉ፣ ድምፃቸው ተለወጠ። ማስወጣት የለብዎትም፣ ውሉ ላይ ይግባ አልኳቸው። ልጁ መጋዘን ሥራ ጀምሯል፣ የደመወዝ ወረቀትና መታወቂያ አለው። ማመልከቻውን ሞልተን፣ ቀን ያለበት አጭር ደብዳቤ አያይዘን፣ 30 ቀኑ ሳያልቅ አስገባን።

ማኔጀሩ ስደውልለት "ከመጀመሪያው ቢጠይቁኝ ኖሮ ደብዳቤም አልጽፍም ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን "ስሙን ማስገባት ይችላሉ" የምትል አንዲት መስመር ደብዳቤው ላይ ቢጨምር ምን ይጎዳው ነበር?

ማመልከቻው ጸደቀ። ማስጠንቀቂያው መነሳቱን በጽሑፍ ስጠን ስለው "ኦኬ ነው፣ አታስቡ" ይለኛል። እሱ ነገ ሥራ ቢለቅ አዲሱ ማኔጀር የሚያየው ፋይሉን ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ያ ደብዳቤ ተቀምጧል። እስኪሰለቸው ድረስ ደወልኩለት። ኢሜይሉ ዓርብ ማታ መጣ።